ስምንት በሃምሳ የትኛው ነው? ለአሮጌ ጠመንጃ ቀለህ ዳይ የመምረጥ መመሪያ

የአያታችን ዝናር ጎንደር ቤታችን ሳጥን ውስጥ ነው የኖረው። ጠመንጃው ከእኔ መወለድ በፊት ሄዷል። ዝናሩና አሥራ አንድ ባዶ ቀለህ ግን ቀርተዋል። አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ሲመጣ ዝናሩን ይዞ ሄደ። ቀለሆቹን እንዳይወስድ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ባዶም ቢሆን ቀለህ በሻንጣ ይዞ አየር ማረፊያ መቆም ትርፉ ጣጣ ነው።

የአጎቴ ልጅ እዚያ ቀለህ መልሶ መሥራት ትርፍ ጊዜው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ባሩድም እሳት ጫሪም የሌላቸው የማስመሰያ ጥይቶች ሠርቶ ዝናሩን ሞልቶ ሳሎኑ ውስጥ መስቀል። «የጥይቱን ዓይነት ብቻ ንገረኝ» አለኝ። እኔም የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቼ ለካሁ። አፉ ስምንት ሚሊ፣ ቁመቱ ሃምሳ፣ ቂጡ ላይ ጠርዝ አለው። «ስምንት በሃምሳ፣ ባለ ጠርዝ» ብዬ ጻፍኩለት። እሱም በዚያው ስም ዳይ፣ ማለትም ቀለህ ተገፍቶበት ቅርጽ የሚይዝበትን ብረት፣ አዘዘ። ዳዩ ደረሰ፣ ቀለህ ተሠራ፣ ከዚያ የሠራውን ለክቶ ቁጥሩን ላከልኝ። ከአያታችን ቀለህ ጋር አይገናኝም።

ስምንት በሃምሳ ባለ ጠርዝ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ጥይቶች አሉ። አንዱ የፈረንሳዩ ሌበል ነው፤ እኛ ለበን የምንለው። ሌላው የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ስማቸው በወረቀት ላይ አንድ ነው፣ አካላቸው ግን አይገናኝም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ስህተት እንዳትደግሙት ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «የአባባን ጥይት ለክታችሁ ላኩልኝ» ሲላችሁ የምታደርጉት ይኸው ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ ልበል። እዚህ አገር ጠመንጃም ጥይትም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር ናቸው። ጥይት መሥራት ያለ ፈቃድ የሚሞከር ነገር አይደለም። የእኛ ድርሻ መለካት ነው። ዳዩን የሚገዛውና የሚሠራው ሕጉ በሚፈቅድለት አገር ያለው ሰው ነው።

ባዶ መሆኑን እወቁ

ቀለሁ አፍ ላይ እርሳስ፣ ማለትም ሲተኮስ የሚሄደው ጫፍ፣ ካለ ባዶ አይደለም። ቂጡ መሐል ያለው ክብ እሳት ጫሪ ካልተወጋም ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ። እንዲህ ያለውን አትፍቱት፣ አትምቱት፣ እሳት አጠገብም አታስቀምጡት። መቶ ዓመት የቆየ ጥይት ሞቷል የሚል ወሬ አለ። አትስሙት። በቅርብ ላለው ፖሊስ አሳውቁና መለካቱን በዚያው አቁሙ።

ባዶ ከሆነ እጠቡት። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የሰፈር ሰው ሁሉ ሎሚና አመድ ይላችኋል። ለናስ ትሪ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ስታሹት ቂጡ ላይ የተመታውን ጽሑፍ ታጠፉታላችሁ። ያ ጽሑፍ ደግሞ ግማሽ ሥራችሁን የሚሠራላችሁ ነው።

ስሙን ለጊዜው እርሱት

ቤተሰብ ውስጥ ያለው ስም ይጠቅማል፣ ግን አይበቃም። ሰናድር የሚባለው ስናይደር ነው፤ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ይዘውት የመጡት። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳዩ ግራ ነው፤ ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው የመጣ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ምንሽር ሲሉ ግን ማንሊኸሩንም ማውዘሩንም ሲጠሩበት ሰምቻለሁ። ወጨፎም እንደዚሁ ነው። በየቤቱ ስጠይቅ በአንድ ስም ሁለት ሦስት ዓይነት ጠመንጃ አሳይተውኛል። አያታችን በበኩላቸው ጠመንጃው እንዴት እጃቸው እንደገባ ሦስት ጊዜ ጠይቄአቸው ሦስት ዓይነት ታሪክ ነግረውኛል። ሦስቱም ደስ ይላሉ።

ጎንደር ደግሞ የሁሉም ዓይነት መተላለፊያ ነበረች። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የተሸነፈው የግብጽ ጦር የያዘው ሬሚንግተን ነበር፤ ብዙው በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ቀረ። ጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ ይዞ መጣ። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ያሸነፈው የእንግሊዝ ጦር ጥይት ደግሞ .303 ነበር። ስለዚህ አንድ ዝናር ውስጥ የተቀላቀለ ቀለህ ብታገኙ አይግረማችሁ። ከእኛ አሥራ አንዱ አንደኛው ጠርዝ አልባ ካርካኖ ሆኖ ተገኝቷል። ዝናሩን ለማስሞላት የገባ መሆን አለበት። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ አንዱን ለክታችሁ ለሁሉም አትፍረዱ።

የጥይት ስም ውስጥ ያለው ቁጥርም ቢሆን ልክ ሳይሆን ስም ነው። «8» የተባለው ሌበል እርሳሱ 8.2 ሚሊ ገደማ ነው። የቬተርሊው ስም 10.35 ወይም 10.4 ይላል፤ እርሳሱ ወደ 10.8 ይጠጋል። ጀርመኖቹ «8 በ57» ያሉት ማውዘር መጀመሪያ 8.08 ሚሊ እርሳስ ነበረው፣ በኋላ 8.22 ሆነ። ስሙ ግን ያው ነው። የእንግሊዙ ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ .577/450 ደግሞ የ.577 ቀለህ አንገቱ ወደ .450 ጠቦ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ክፍልፋይ ይመስለዋል።

በምን ይለካል

በካሊፐር፣ ባለ መንጋጋ ረቂቅ መለኪያ። የልብስ ሜትር አይሆንም፣ የትምህርት ቤት ማስመሪያም አይሆንም። እኔ ካሊፐር የተዋስኩት ከአንድ ቶርኖ ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሼ ሜትሬን አይተው «ይኼ ለነጠላ ነው» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ አያያዙን አሳዩኝ። መንጋጋው ቀለሁን ይንካው እንጂ አይጨፍልቀው። አሮጌ ናስ ቀጭን ነው፣ አፉ በጣት ጭምር ይጣመማል። እያንዳንዱን ቦታ ቀለሁን እያዞራችሁ ሦስት ጊዜ ለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ቀለሁ ተጨፍልቋል፤ ሌላ አንሡ።

የሚለካው ይህ ነው። የጠርዙ ስፋት። የጠርዙ ውፍረት። ከጠርዙ በላይ ወዲያው ያለው የአካሉ ስፋት። ትከሻው፣ ማለትም አካሉ ወደ አንገቱ መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ፣ ስፋቱ። የአንገቱ ስፋት። የአፉ ውስጣዊ ስፋት። መጨረሻ ጠቅላላ ቁመቱ። ትከሻ ከሌለውና ቀጥ ያለ ከሆነ ያንን ጻፉ፤ የሚታዘዘው ዳይ ይለያያል።

ከሰባቱ የማምነው ሁለቱን ነው። የጠርዙን ስፋትና ከጠርዙ በላይ ያለውን የአካል ስፋት። ምክንያቱም ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ተነፍቶ የጠመንጃውን ማጉረሻ፣ ጥይቱ የሚገባበትን ክፍል፣ ቅርጽ ይይዛል። አንገቱ ይሰፋል፣ ትከሻው ይገፋል። ቂጡ አካባቢ ናሱ ወፍራም ስለሆነ ብዙም አይለወጥም። አንገቱ ከመጽሐፉ በትንሽ ቢበልጥ አትደንግጡ። ጠርዙ ሁለት ሚሊ ከተለየ ግን ሌላ ጥይት ነው።

እኛንም ያጋለጠን እሱ ነው። የሌበል ጠርዝ ወደ 16 ሚሊ ነው፣ ከጠርዙ በላይ ያለው አካል 13.8 ገደማ። የማንሊኸር ጠርዝ 14 ሚሊ ገደማ፣ አካሉ 12.5። በሜትር ስለካ ይህን ልዩነት ጭራሽ አላየሁትም፤ አፉንና ቁመቱን ብቻ ነበር ያየሁት። ሁለቱ የሚመሳሰሉት ደግሞ እዚያው ላይ ነው!

የሌሎቹን ጥቂት ልጨምር። .303 ጠርዙ 13.5 አካባቢ፣ ቁመቱ 56። ማውዘር ጠርዝ አልባ ነው፣ ቂጡ 12 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ቁመቱ 57። ካርካኖም ጠርዝ አልባ ነው፣ ቁመቱ 52 ተኩል ገደማ፣ አፉ ግን ከሁሉም ይጠባል። ግራ ቁመቱ 59 አልፎ፣ ጠርዙ ወደ 17። ማርቲኒ ሄንሪ ጠርዙ 19 ይደርሳል፤ አንዴ ካያችሁት አትስቱትም። የጥንቱ የስናይደርና የማርቲኒ ቀለህ ከተጠቀለለ ስስ ናስ የተሠራ ስለሆነ የተሸበሸበ ቆርቆሮ ይመስላል። እሱን አትጨቁኑት፣ ይፈርሳል።

ቂጡን አንብቡ

ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ቂጡን በባትሪ አዩት። መብራቱን ከጎን አዘንብሉት፣ የደበዘዘ ፊደል በጥላው ይወጣል። በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አስፉት። የፈረንሳይ ቀለህ ላይ የፋብሪካ ፊደላትና የዓመቱ ሁለት አኃዝ ይገኛሉ፣ ከአጠገቡም የስንተኛው ሩብ ዓመት እንደሆነ የሚናገር ቁጥር አለ። ሌበል ላይ ሌላም ምልክት አለ። እሳት ጫሪውን የሚከብ ክብ ቦይ። ይህ ለጌጥ አይደለም። የሌበል ጠመንጃ ጥይቶቹን ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱን ከአንዱ ኋላ ይደረድራል። የኋላው ጥይት ሹል ጫፍ የፊተኛውን እሳት ጫሪ ቢወጋ አደጋ ነው። ቦዩ ጫፉን ወደ ጎን ይይዘዋል። ያንን ቦይ በአያታችን ቀለህ ላይ ሳይ ነው ሌበል መሆኑ የገባኝ። ካሊፐሩ ነግሮኝ ነበር፣ ግን ያመንኩት በዓይኔ ሳይ ነው።

ከዚያ ቀለሁን ገልብጣችሁ በአፉ ወደ ውስጥ አብሩ። መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር ይባላል። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ጎንና ጎን ካለ በርዳን ነው። ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበር፣ የእሱ ዘዴ አሜሪካ ሄዶ ነገሠ። በርዳን አሜሪካዊ ነበር፣ የእሱ ደግሞ አውሮፓን ያዘ። የሰው ሀብት እንዲህ ነው። ለዳይ መራጭ ግን ይህ ቀልድ አይደለም። ብዙው ዳይ መሐሉ ላይ ያረጀ እሳት ጫሪ መግፊያ መርፌ አለው። ሁለት ቀዳዳ ያለው ቀለህ መሐሉ ድፍን ነው። መርፌው ድፍኑን መትቶ ይሰበራል ወይም ይጣመማል። የድሮ አውሮፓ ቀለህ ዳይ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መርፌው ይውጣ። ይህን በደብዳቤያችሁ ላይ በትልቁ ጻፉላቸው።

አሁን ዳዩ

ዳይ ስንል የእኛ ሰው ጥርስ ማውጫውን ነው የሚያስበው፣ ታፕና ዳይ። ይኼኛው ሌላ ነው። ውስጡ በቀለሁ ቅርጽ የተቦረቦረ ጠንካራ ብረት ነው። ማሽን ላይ ይታሰራል፣ ቀለሁ ከሥር ተገፍቶ ይገባበታል፣ ሲወጣ ቅርጹን ይዞ ይወጣል። እንደ እንጀራ ምጣድ አይደለም፤ አንዱ ለሁሉም አይሆንም። ለአንድ ጥይት አንድ ስብስብ ነው።

ትከሻ ላለው ቀለህ ስብስቡ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዳይ ነው። አንዱ ቅርጽ ይመልሳል፣ ሁለተኛው እርሳሱን ያስቀምጣል። ቀጥ ላለ ቀለህ ሦስት ይሆናል፣ ምክንያቱም አፉን ትንሽ የሚከፍት ለብቻው ያስፈልጋል። ስናይደር የሚሠራ ሰው ሁለት ዳይ ብቻ ከቀረበለት ይጠይቅ።

ለታወቁት ጥይቶች እንደ አርሲቢኤስ ያሉ ትልልቅ አምራቾች ይበቃሉ። ለተረሱት ደግሞ ሲኤች ፎር ዲ የሚባል የኦሃዮ ድርጅት አለ፣ ሥራው ራሱ ብርቅዬ ዳይ ነው። ዝርዝራቸውን ሲያነቡ ስሙን ብቻ አይመልከቱ። የጠመንጃው ስም ይኑር፤ «ሌበል» ወይም «ማንሊኸር» የሚል ቃል ከቁጥሩ ጎን ካልተጻፈ አይታዘዝ። ከማዘዝ በፊት ሦስት ቁጥር ለሻጩ ይላክ፦ ጠርዝ፣ የአካል ስፋት፣ ቁመት። አሜሪካኖች በኢንች ነው የሚያስቡት። ሚሊውን ለ25.4 አካፍሉና ሁለቱንም ጻፉ። የሌበል 16 ሚሊ 0.630 ኢንች ይሆናል።

ሦስት ነገር ደግሞ ከዳዩ ጋር ይመጣል፣ ሰው ይረሳዋል። የመጀመሪያው ቀለህ ያዡ ነው። ጠርዙን የሚይዘው ትንሽ ብረት ማለት ነው። የጠርዙ ስፋትና ውፍረት ካልገጠመ ዳዩ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የማሽኑ ጥርስ ነው። አብዛኛው ዳይ በ7/8 ኢንች ጥርስ ይታሰራል፤ ለግዙፎቹ ለማርቲኒ ዓይነቶቹ ግን ከዚያ የሰፋ አለ፣ ሁሉም ማሽን አይቀበለውም። ሦስተኛው ቅባት ነው። ቀለህ ሳይቀባ ዳይ ውስጥ ከገባ ይነክሳል፣ አይወጣም። የአጎቴ ልጅ አንዱን ለማስወጣት ግማሽ ቀን ፈጅቷል። የፈጀውን ስድብ አልቆጠርኩም።

ቀለሁ ከየት ይመጣል

የድሮ ቀለህ በገበያ ስለማይገኝ ከሌላ ይሠራል። ዳይ መምረጥ የሚከብደውም እዚህ ጋ ነው። ለሌበል የተለመደው መነሻ የዊንቸስተር .348 ነው። ቁመቱ 57 ሚሊ ያልፋል፣ ስለዚህ ወደ 50 ይቆረጣል። አካሉ 14 ገደማ ስለሆነ ዳዩ ትንሽ ይጨምቀዋል። ጠርዙ 15.5 ነው፤ ከሌበል በግማሽ ሚሊ ያንሳል፣ ቀለህ ያዥ ሲመረጥ ይታሰብ። ለማንሊኸር መነሻው የሩሲያው 7.62 በ54 ባለ ጠርዝ ነው። ለማርቲኒና ለስናይደር የ24 ቁጥር የአደን ጠመንጃ የናስ ቀለህ ይጠቀማሉ።

አንገቱ ብዙ መጥበብ ካለበት በአንድ ዳይ አይጠባም። ይጨማደዳል። መካከለኛ ዳይ ይጠየቃል፣ ደረጃ በደረጃ የሚያጠብ። ይህ ለብቻው ይሸጣልና ስብስቡ ውስጥ አለ ብሎ ማሰብ አይገባም። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው። ከመነሻው ቀለህ እስከ መጨረሻው ስንት ደረጃ ነው? ለየደረጃው ዳይ አላችሁ? ሻጩ ከተንተባተበ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ጠመንጃው በእጁ ላለና በሕግ ለሚተኩስ ሰው ሌላ ጉዳይ አለ። የድሮ ጠመንጃ ማጉረሻ በልክ አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንዱ ከሌላው ይለያያል። መጽሐፍ ላይ ባለው ልክ የተሠራ ዳይ ቀለሁን በየጊዜው ከመጠን በላይ ይጨምቀዋል፣ ቀለሁም ቶሎ ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ አንገቱን ብቻ የሚያጠብ ዳይ ይሻላል፣ ወይም ከዚያው ጠመንጃ የተተኮሱ ጥቂት ቀለሆች ለአምራቹ ተልከው በልኩ ይሠራል። ቬተርሊ ያለው ሰው ደግሞ ልብ ይበል። ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ቬተርሊዎችን ወደ ካርካኖ 6.5 ቀይረዋቸዋል። ጠመንጃው ቬተርሊ ነው ማለት ጥይቱ የቬተርሊ ነው ማለት አይደለም። አፈሙዙ ይለካ። የተቀየረው ደግሞ ለዚያ ጥይት ጉልበት የተፈጠረ ብረት ስላልሆነ ግድግዳ ላይ ቢያርፍ ይሻለዋል።

የማስመሰያው ጥይት

የእኛ ነገር እዚህ አለቀ። ትክክለኛው ዳይ መጣ፣ ቀለሁ ተሠራ፣ አንገቱ ላይ እርሳስ ተቀመጠ። ባሩድ የለም፣ እሳት ጫሪ የለም። አንድ ሥራ ብቻ ይቀራል፣ እንዳትዘሉት። የእያንዳንዱ ቀለህ ጎን በመሰርሰሪያ ይበሳ። ማንም ቢያነሣው፣ ፖሊስም ሕፃንም፣ ባዶ መሆኑን በአንድ እይታ ያውቃል። መብሳቱ እርሳሱ ከመቀመጡ በፊት ይሁን፤ ካልሆነ የናሱ ፍርፋሪ ውስጡ ቀርቶ ሲነቀነቅ ባሩድ ያለ ይመስላል።

ዝናሩ ተሞልቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል በቪዲዮ ደወለልን። እማሆይ አያታችን መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ዝም ብለው ብዙ አዩ።

«ጥይቱስ አማረ» አሉ። «ቀዳዳው ግን ምንድን ነው ልጄ? አሜሪካ ያለው ብል ናስም ይበላል?»